ለሁለተኛው ሙከራ ጊዜ ይሰጠው

ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል ለሚያወጡና የትምህርት መሣሪያ ግዢ ለሚያጸድቁ ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሳይንስና የሒሳብ መምህራን

ጉዳዩ፦ ስቴምን (ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂን፣ ምህንድስናንና ሒሳብን አጣምሮ) በመደበኛው የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለማስተማር

ክቡራን፣

ስቴም ወደ አንድ ትምህርት ቤት ገባ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የገባው ካርቶን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሞተር፣ ሴንሰር፣ ጎማና ብሎን ያለበት የሮቦት መገጣጠሚያ አለ። ዕቃው ውድ ስለሆነ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል፤ የተመዘገበበት ሰው እንዳይጠፋበት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። ሲወጣም አራት ተማሪዎች ይነኩታል፣ የቀሩት ቆመው ያያሉ። ዓመት ሳይሞላ ባትሪው ፈስሶ ማገናኛውን ይበላዋል፣ ትንንሾቹ ብሎኖችም የት እንደገቡ አይታወቅም። ይህን የምንለው ሮቦት ጠልተን አይደለም። የምንጠይቀው ከካርቶኑ በጣም የረከሰ፣ ለመስጠት ግን ይበልጥ የሚከብድ ነገር ስለሆነ ነው፦ ጊዜ።

ቃሉ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሳይንስን፣ ሒሳብን፣ ምህንድስናንና ቴክኖሎጂን በአንድ ምህጻረ ቃል ሲጠራ የፊደላቱ ቅደም ተከተል ሌላ ነበር፤ በእኛ ፊደል ቢጻፍ «ስሜት» ሊባል ምንም ያልቀረው። እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ፊደላቱ ቦታ ተለዋወጡና ስቴም ሆነ። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳይንስ ትምህርት መለኪያ ደግሞ ተማሪ ሊለማመዳቸው የሚገቡ ስምንት ተግባራትን ሲዘረዝር ማብራሪያ መስጠትንና መፍትሔ መንደፍን በአንድ መስመር አስቀመጣቸው። ለእኛ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሳይንሱ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ይላል፣ ምህንድስናው «እንዴት ይሻሻል?» ይላል፣ ሁለቱን የሚዳኘው ቁጥሩ ነው። ቴክኖሎጂ የሚባለውም የግድ ስክሪን ያለው ዕቃ አይደለም፤ ቴርሞሜትርም ቴክኖሎጂ ነው።

አሁን ያለው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ምን ይመስላል? ተማሪው ከመጽሐፉ ሰባት ደረጃዎችን ይከተላል፣ ውጤቱን አስቀድሞ ያውቀዋል፣ የታወቀውን ውጤት ይጽፋል፣ ደወል ይደወላል። ለኤግዚቢሽን የሚሠራው ሞዴልም ከዚህ አይለይም፤ አንዴ ይሠራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በሁለቱም ተማሪው ያልሠራለትን ነገር ተመልሶ አያየውም። አራቱ ትምህርቶች የሚገናኙት ግን የመጀመሪያው ሥራ ሲበላሽ፣ ተማሪው የተበላሸበትን ምክንያት ከለካው ቁጥር አንብቦ አንድ ነገር ሲለውጥና እንደገና ሲለካ ነው። ሁለተኛ ሙከራ የሌለበትን ትምህርት ስቴም ብሎ መጥራት ይከብደናል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በየመጽሐፉ ካለ ምዕራፍ እንጀምር፦ የሙቀት መተላለፍ። ለአራት አራት ተማሪ አንድ ተመሳሳይ ኩባያ፣ ቴርሞሜትር፣ የሰከንድ መቁጠሪያና 200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ይሰጣል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ውሃውን ለ12 ደቂቃ በተቻለ መጠን እንዳይበርድ አድርጉ። ማቴሪያሉ ጥጥ፣ ጋዜጣ፣ ጨርቅ፣ ካርቶንና የአሉሚኒየም ፎይል ሲሆን ከሁሉም በድምሩ ከ30 ግራም በላይ መጠቀም አይቻልም። ይህ ገደብ ቀልድ አይደለም። ገደብ ከሌለ ተማሪው ያገኘውን ሁሉ ይጠቀልላል፣ መምረጥ አይጀምርም፤ ካልመረጠም ምክንያት አይፈልግም። አንድ ኩባያ ደግሞ ምንም ሳይለብስ ለማነጻጸሪያ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል።

ብዙ ቡድኖች በመጀመሪያው ሙከራ የሚያደርጉት ነገር አስቀድሞ የሚታወቅ ነው፤ ጎኑን በወፍራሙ ይጠቀልሉና አፉን ክፍት ይተዉታል። ውሃው ይበርዳል፣ እነሱም ጥጡን ይወቅሳሉ። እዚህ ላይ መምህሩ መልሱን መንገር የለበትም፤ ኩባያውን ከነልብሱ በፊትና በኋላ እንዲመዝኑት ማድረግ ይበቃዋል። አንድ ግራም ውሃ ሲተን ወደ 2,400 ጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያን 200 ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማቀዝቀዝ የሚወጣው 840 ጁል ነው። ስለዚህ ተንኖ የጠፋ አንድ ግራም ብቻውን ሦስት ዲግሪ ገደማ ያወርዳል ማለት ነው። ይህን ያሰላ ቡድን በሁለተኛው ሙከራ ከጎኑ ጥጥ ቀንሶ ክዳን ይሠራል፤ ከዚያም ቁጥሩ ሲለወጥ በዓይኑ ያያል። የትነት ትምህርት፣ የክብደት ልኬት፣ የማባዛትና የማካፈል ሒሳብ፣ የንድፍ ለውጥ፣ ሁሉም በአንድ ኩባያ ውስጥ ገቡ።

ሌላው ስህተት ከመነሻው ነው። ቡድኖቹ በተለያየ ሙቀት ከጀመሩ ውጤታቸውን ማነጻጸር አይቻልም፤ የሞቀ ነገር ከአካባቢው ጋር ያለው ልዩነት ሲበዛ የሚበርድበት ፍጥነትም ይበዛልና። መፍትሔው ውሃውን ትንሽ ሞቅ አድርጎ ቀድቶ ቴርሞሜትሩ 60 ሲያሳይ ሰዓቱን ማስነሳት ነው። ያ ካልተቻለ ልዩነቱ በሒሳብ ይስተካከል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ነው እንበል። አንዱ ቡድን ከ60 ወደ 50 ወረደ፣ ሌላው ከ70 ወደ 58። ሁለተኛው 12 ዲግሪ ስላጣ የተሸነፈ ይመስላል። የመጀመሪያው ግን ከነበረው የ40 ዲግሪ ልዩነት 10 አጥቷል፣ ይህም 25 በመቶ ነው፤ ሁለተኛው ከ50ው 12 አጥቷል፣ 24 በመቶ። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የ7ኛ ክፍል ተማሪ መቶኛ ለምን እንደሚማር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም።

ቴርሞሜትሮቹ ራሳቸው አይስማሙም፤ በአንድ ሳጥን የመጡ እንኳ በአንድና በሁለት ዲግሪ ይለያያሉ። ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት ሁሉም በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ቆይተው ይነበቡ፤ የእያንዳንዱ ልዩነት በፕላስተር ላይ ተጽፎ አንገቱ ላይ ይለጠፍ። የተማሪውም አነባበብ ችግር አለው፤ ቴርሞሜትሩን ከውሃው አውጥቶ፣ ወደ ብርሃን አቅንቶ ያነባል። በዚያ ቅጽበት የሚያነበው እየበረደ ያለውን ቴርሞሜትር እንጂ ውሃውን አይደለም። ጥጡ ውሃ ከነካው ደግሞ ሥራውን ያቆማል፤ ሙቀት የሚያግደው በጥጡ ክሮች መካከል የታሰረው አየር ስለሆነ አየሩን ውሃ ሲተካው እርጥቡ ጥጥ ሙቀት አሳላፊ ይሆናል። እነዚህን ስህተቶች ከመከልከል ይልቅ በመጀመሪያው ሙከራ እንዲመጡ መፍቀድ ይሻላል። የማይፈቀደው አንድ ነው፦ የ60 ዲግሪ ውሃ ቆዳን በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፣ ስለዚህ የሚቀዳው መምህሩ ብቻ ነው፣ ኩባያውም ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ ፔንዱለም፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ድንጋይ ነው። መጽሐፉ «የክሩ ርዝመት ሲጨምር የመወዛወዣው ጊዜ ይጨምራል» ይልና ተማሪው እንዲያረጋግጥ ያዘዋል። አረጋገጠ፣ ከዚያስ? ጥያቄውን ገልብጡት፦ አንዴ ሄዶ ለመመለስ ልክ አንድ ሰከንድ የሚወስድበት፣ በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜ የሚወዛወዝ ሰዓት ሥሩ። አሁን ግንኙነቱን ሳያውቅ መድረስ አይችልም። በ20፣ በ40፣ በ60 እና በ80 ሴንቲ ሜትር ይለካል፣ ግራፉን ይስላል፣ መስመሩ ቀጥ እንደማይል ያያል፣ ከግራፉ ላይ የሚፈልገውን ርዝመት ያነባል፣ ይሠራል፣ ይፈትናል። ትክክለኛው ርዝመት 24.8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

ብዙ ቡድን እዚያ ላይ አይደርስም፤ የማይደርሱበት ምክንያት ራሱ ግን ትልቅ ትምህርት ነው። ክሩን እስከ ድንጋዩ አናት ይለካሉ እንጂ እስከ መሃሉ አይለኩም። የድንጋዩ ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እውነተኛው ርዝመት 26.8 ይሆንና በአንድ ደቂቃ ከ60 ይልቅ 58 እንኳ አይሞላም። ሌላው የመቁጠር ስህተት ነው፤ ሲለቁት «አንድ» ብለው ይጀምራሉ። «ዜሮ» መባል ነበረበት። አሥር ቆጥረናል ብለው ዘጠኝ ውዝዋዜ ለክተዋል፣ ውጤታቸው በአሥር በመቶ ያንሳል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ የሚለካ ደግሞ ጣቱ ቁልፉን ለመጫን የምትወስደው 0.2 ሰከንድ ያህል አምስተኛውን ትበላበታለች፤ ሃያ ውዝዋዜ ለክቶ ለሃያ ቢያካፍል ስህተቱ ወደ አንድ በመቶ ይወርዳል። ከ20 ዲግሪ በላይ ጎትቶ የሚለቅም አለ፤ በ60 ዲግሪ ቢለቀው ጊዜው ሰባት በመቶ ገደማ ይረዝማል። ተማሪው ከእነዚህ ውስጥ የራሱን ስህተት ለይቶ በሁለተኛው ሙከራ ሲያርም የሚሰማውን ኩራት ምንም የተገጣጠመ ሮቦት አይሰጠውም።

የውሃ ማጣሪያ በስቴም ስም በብዛት የሚሠራ ነው፤ በብዛትም የሚበላሽ። አንድ ተኩል ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተቆርጦ ይዘቀዘቃል፣ አፉ ላይ ጨርቅ ይታሰራል፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ 4 ሴንቲ ሜትር የተፈጨ ከሰል፣ 8 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ አሸዋ፣ ከላይ እንደገና ስስ ጠጠር። አሸዋውና ከሰሉ በደንብ ካልታጠቡ የሚወጣው ውሃ ከገባው ይብሳል። ውሃው በኃይል ከፈሰሰበት አሸዋውን ቦርቡሮ በጠርሙሱ ግድግዳ በኩል አቋርጦ ይወርዳል፤ ሳይጣራ ማለት ነው። የላይኛው ጠጠር ያለው ለዚህ ነው። ውጤቱም «ጠራ» ተብሎ በዓይን አይፈረድ። ወረቀት ላይ ጥቁር መስቀል ይሣል፣ ግልጽ ብርጭቆ ይቀመጥበት፣ መስቀሉ ከላይ ሲታይ እስኪጠፋ ውሃ ይጨመርና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ይመዝገብ። የአንድ ሊትር ውሃ የማጣሪያ ጊዜም ይመዝገብ፤ ጥራትና ፍጥነት እንደሚቃረኑ ተማሪው የሚያየው ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ሲያስቀምጥ ነው። እና በትልቁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፦ ይህ ውሃ አይጠጣም። የጠራ ውሃ ከጀርም የጸዳ ውሃ አይደለም፤ ይህን ሳያስተምር የሚያልፍ ፕሮጀክት ጉዳት ያመጣል።

የወረቀት ድልድይና የኤሌክትሪክ ዑደት ላይ ብዙ አንቆይም። ድልድዩን የሚያበላሸው ውድድር መሆኑ ነው፤ የተሸከመው ክብደት ለራሱ ክብደት ካልተካፈለ ወፍራሙ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ሚዛን ያነሰበት ትምህርት ቤት ይህን ይያዝ፦ 80 ግራም ተብሎ የሚሸጠው ኤ4 ወረቀት በስኩዌር ሜትር 80 ግራም ማለት ነው፣ አንዱ ሉህ የስኩዌር ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ 5 ግራም ይመዝናል። ወረቀቱ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ሆነ። በዑደት ትምህርት ደግሞ ቀይ ኤልኢዲ የሚባለው ትንሽ መብራት 2 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ በአንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ አይበራም፤ በ9 ቮልት ባትሪ ያለ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መቀነሻ) ከተሰካ አንዴ ደምቆ ይሞታል። የ390 ወይም የ470 ኦም ሬዚስተር ይበቃዋል። መልቲሜትር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ) የሚሞተው ግን አንድ ተማሪ በአምፔር መለኪያው ላይ አድርጎ በቀጥታ ባትሪ ሲነካበት ነው። የአምፔር ቀዳዳው እስኪያስፈልግ ድረስ በፕላስተር ይሸፈን፣ መለዋወጫ ፊውዝም አብሮ ይገዛ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ እናንተ እንምጣ። የክፍለ ጊዜው ርዝመት 40 ደቂቃ ነው እንበል። ዕቃ ለማደል አምስት፣ ለማብራራት አሥር፣ ለመሥራት አሥራ አምስት፣ ለመሰብሰብና ለማጽዳት ስምንት ሲወጣ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። በሁለት ደቂቃ የሚበርድ ውሃ የለም። መምህሩ በሁለተኛው ሳምንት ይቀጥላል ቢባል ክፍሉ ለሌላ ተማሪ ስለሚፈለግ ኩባያዎቹ የሚቆዩበት ቦታ የለም። ስለዚህ የምንጠይቀው በሦስት ሳምንት አንዴ ተከታታይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ለዓመቱ ተጨማሪ ሰዓት አያስፈልግም፣ ያለው ይጋጠም። 80 ደቂቃው እንዲህ ይሄዳል፦ ችግሩን መግለጽና ዕቅድ 10፣ መሥራት 15፣ መለካት 12፣ ግራፎቹን ግድግዳ ላይ ለጥፎ መከራከር 13፣ አንድ ነገር መለወጥ 10፣ እንደገና መለካት 12፣ ማጽዳት 8። አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፤ ሁለት ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ጊዜ ሲያጥር መምህራን መጀመሪያ የሚቆርጡት ክርክሩን ነው። እባካችሁ በመምህር መምሪያው ላይ ይህ ክፍል እንዳይነካ ይጻፍ፤ መቆረጥ ካለበት ከመሥሪያው 15 ደቂቃ ይቆረጥ።

የሒሳብ መምህሩም በድልድሉ ውስጥ ይታሰብ። በተማሪዎች ግራፍ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት በ0፣ በ2፣ በ5 እና በ10 ደቂቃ የተለኩትን እኩል እኩል አራርቆ መደርደር ነው፤ ቁጥሩን እንደ ስም ይቆጥሩታል። ይህን የሳይንስ መምህሩ በሩጫ ከሚያርመው የሒሳብ መምህሩ ከአንድ ሳምንት በፊት የቁጥር መስመርንና ስኬልን ቢያስተምርበት ይሻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሁለቱ ትምህርቶች ዓመታዊ ዕቅድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መዘጋጀቱ ነው፤ ሌላ ስብሰባ አንጠይቅም።

ነጥብ አሰጣጡ ካልተለወጠ ደግሞ ከላይ ያለው ሁሉ ይፈርሳል። ተማሪ ነጥብ የሚሰጠውን ነገር ያውቃል። የተሻለ ዕቃ የሠራ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝ ከሆነ ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድሙ ይሠራለታል። ከ20 ነጥብ ለልኬት ሰንጠረዡና ለግራፉ 6፣ ለሳይንሳዊ ማብራሪያው 5፣ በሁለተኛው ሙከራ ለተደረገው ለውጥና ለምክንያቱ 6፣ ለመጨረሻው ውጤት 3 ቢሰጥ የመጨረሻ ውጤቱ ያልተሳካለት ቡድን እንኳ 17 ሊያገኝ ይችላል። ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርብን፤ ሆን ብለን ያደረግነው ነው። የማጠቃለያ ፈተናውም ቢያንስ አንድ ጥያቄ ይኑረው፤ ለምሳሌ፦ «ሦስት ኩባያ የ60 ዲግሪ ውሃ ተቀዳባቸው። ምንም ያልለበሰው ከ12 ደቂቃ በኋላ 48፣ ጎኑ በጥጥ የተጠቀለለው 50፣ ክዳን ብቻ ያለው 53 ዲግሪ ሆኑ። ለቀጣዩ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ቢፈቀድልህ ከየትኛው ኩባያ ትነሳለህ? ምን ትለውጣለህ? ለምን?» በምርጫ ጥያቄ ሊጠየቅ አይችልም የሚል መልስ ከመጣ ችግሩ ከጥያቄው ሳይሆን ከፈተና ወረቀቱ ነው።

ግዢን በተመለከተ ለ48 ተማሪዎች፣ ማለትም ለ12 ቡድኖች፣ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 14 የአልኮል ቴርሞሜትር፣ ሁለቱ ለሚሰበር ምትክ፤ ሜርኩሪ ያለበት አይገዛ፣ ሲሰበር መርዛማ ትነት አለውና። 12 የሰከንድ መቁጠሪያ፣ 12 ባለ 100 ሚሊ ሊትር ፕላስቲክ መለኪያ ሲሊንደር፣ እስከ 0.1 ግራም የሚለዩ 3 ሚዛኖች፣ 6 መልቲሜትርና 2 ትልልቅ ቴርሞስ። ብርጭቆ ሲሊንደር በዝርዝሩ ላይ ቢያምርም በ7ኛ ክፍል ዓመት አይከርምም። ዕቃው ክዳን ባላቸው አራት ሣጥኖች ተከፋፍሎ፣ በክዳኑ ውስጥ ዝርዝሩ ተለጥፎ፣ ተማሪው ራሱ ቆጥሮ እንዲመልስ ሆኖ ይደራጅ። በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦ የሚቆለፍ ዕቃ እንዳልተገዛ ይቆጠራል። የሚሰበር ዕቃ በመምህሩ ደመወዝ ላይ እንደማይታሰብም በጽሑፍ ይገለጽ፤ ብዙ ቤተ ሙከራ የተዘጋው በዚህ ፍርሃት ነው።

ለመምህራን የሚሰጠው ሥልጠና በስላይድ እንዳይሆን እንለምናለን። መምህራኑ አራት አራት ሆነው ይቀመጡ፣ ኩባያውን ይሥሩ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ሆን ተብሎ የተበላሸ አንድ ቴርሞሜትር ይሰጣቸው፣ ማን ለይቶ እንደሚያገኘው ይታይ። ከዚያ ሁለተኛውን ሙከራ ይሥሩ። የአንድ ቀን ሥልጠና ከሆነ ለሁለት ምዕራፍ ብቻ ይብቃ፤ በአንድ ቀን አሥር ምዕራፍ የሰለጠነ መምህር ወደ ክፍሉ ሲመለስ አንዱንም አይሞክርም።

ከሁሉም ጥያቄዎቻችን አንዱ ብቻ የሚፈጸም ከሆነ የተጋጠመው 80 ደቂቃ ይሁን። ቴርሞሜትር ከሌላ ክፍል መዋስ ይቻላል፤ ሰዓት ግን ከድልድሉ ካልተሰጠ የሚዋሱበት የለም። ለሚቀጥለው ዓመት ድልድሉ ከመዘጋቱ በፊት በጥቂት ትምህርት ቤቶች በአንድ የ7ኛ ክፍል ምድብ ላይ እንዲሞከር፣ መጀመሪያ የተበላሹትም ግራፎች ሳይጣሉ ከታረሙት ጋር ተያይዘው እንዲላኩላችሁ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመካከለኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራንና የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች